የመዋኛ ገንዳ በመኖሪያ ቤት የመሸጫ ዋጋ ላይ ያለው ውጤት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




አንድ ባለ ቤት ግቢውን አስቆፍሮ፣ ፌሮ አሳስሮ፣ አርማታ አስሞልቶና ሴራሚክ አስለጥፎ የመዋኛ ገንዳ ካሠራ በኋላ ለመሐንዲሱ የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም «ቤቱን ልሽጠው ብል ይህ ገንዳ ያወጣሁበትን ይመልስልኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የሚጠየቀው ከሥራው በፊት ሳይሆን ከሥራው በኋላ ስለ ሆነ፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ባለ ቤቱን ላለማስከፋት ሲባል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ነገሩ በሙያው ሚዛን ሳይመዘን ይቀራል።

የግል መዋኛ ገንዳ የጥቂቶች ጌጥ ነውና የማኅበሩን ጊዜ ሊወስድ አይገባም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። የሆነ ሆኖ ገንዳ ያለበትን ቤት የሚገምተው መሐንዲስ ነው። በእርሱ ፊርማ ባንክ ያበድራል፤ በእርሱ ፊርማ ወራሾች ይካፈላሉ፤ በእርሱ ፊርማ ትዳራቸው የፈረሰ ባልና ሚስት ንብረታቸውን ይለያሉ። ስለ ገንዳው የተጻፈው አኃዝ ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ በባለ ገንዳው ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ወንድማማቾች አባታቸው የተወላቸውን ቤት ሊካፈሉ ነው እንበል። ቤቱ ያለ ገንዳው በገበያ 30 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ገንዳውን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ፣ የእርጅናው ተቀናሽ ከተነሣለት በኋላ፣ 3 ሚሊዮን ብር ነው። ቤት ፈላጊዎች ግን ለገንዳው ሲሉ የሚጨምሩት 900 ሺህ ብር ብቻ ነው። ገማቹ መሐንዲስ ወጪውን ደምሮ 33 ሚሊዮን ብር ብሎ ቢፈርም፣ ቤቱን ለራሱ የሚያስቀረው ታላቅ ወንድም ለሁለቱ ታናናሾቹ 22 ሚሊዮን ብር ይከፍላል። እውነተኛው የመሸጫ ዋጋ 30 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ስለ ሆነ መክፈል የሚገባው ግን 20 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነበር። እንግዲህ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ከአንዱ ወንድም ኪስ ወጥቶ ወደ ሌሎቹ የገባው በተንኮል አይደለም፤ ወጪና ዋጋ አንድ ነገር ናቸው ተብሎ በመታሰቡ ብቻ ነው። አኃዞቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ ስሕተቱ ግን በማንኛውም የግምት ሥራ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ ቢባል፣ ከፊሉ ከአገሪቱ የመሬት ሕግ የመነጨ ነው ለማለት ይቻላል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ በከተማ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። ከዚህም የተነሣ ቤት ሲገመት በሕግ ፊት ተለይቶ የሚቆጠረው ግንባታው ሆነ፤ ግድግዳው፣ ጣራው፣ አጥሩ፣ ገንዳውም ጭምር በሜትርና በኪዩብ እየተለካ በወቅቱ የዕቃና የጉልበት ዋጋ ይሰላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚነሣ ቤት ካሣም በመሠረቱ የሚታሰበው በዚሁ መንገድ፣ ማለትም ያንኑ የመሰለ ግንባታ መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ለካሣ ሲሆን አሠራሩ ትክክል ነው፤ ገንዳው የፈረሰበት ሰው ያጣው ገንዳውን ስለ ሆነ ሊመለስለት የሚገባው የገንዳው ወጪ ነው። ለሽያጭ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ገዢ የሌላውን ሰው ያለፈ ወጪ የመክፈል ግዴታ የለበትም። የሚከፍለው ለራሱ ለሚሰጠው ጥቅም ነው።

ገንዳ በመሸጫ ዋጋ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንዴት ይለካል? አንደኛው መንገድ በአንድ ሰፈር፣ በተቀራረበ ጊዜ የተሸጡ፣ በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ፣ በገንዳ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቤቶችን ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው የብዙ ሽያጮችን መዝገብ ሰብስቦ ዋጋን በቤቱ ጠባዮች፣ ማለትም በስፋቱ፣ በዕድሜው፣ በሰፈሩና በገንዳው፣ በስሌት መከፋፈል ነው። ለዚህኛው ዘዴ የጠራ የንድፈ ሐሳብ መሠረት የሰጠው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በሁለቱም ዘዴዎች መጠንቀቅ የሚያስፈልግበት አንድ ነገር አለ። ገንዳ ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ፣ በሚገባ የተሠራና በተመረጠ ሰፈር የሚገኝ ነው። ስለዚህ «ገንዳ ያላቸው ቤቶች በውድ ይሸጣሉ» ማለት «ገንዳው አስወደዳቸው» ማለት አይደለም። ሁለቱን ያልለየ ሰው የሰፈሩንና የሳሎኑን ዋጋ ለገንዳው ይሰጣል።

በሌሎች አገሮች የታየውን ስንመለከት፣ ለጥያቄው በሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ መልስ አለመኖሩ ይገለጣል። የበጋው የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ገንዳ የቤቱ አንድ ክፍል ያህል ይታያል፤ ገዢውም አስቀድሞ የሚጠብቀው ነገር ነው። በሰሜኑ ቀዝቃዛ ክፍል ግን ገንዳው ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግል፣ ዓመቱን ሙሉ ግን ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ገዢውን የሚያሸሽበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ሙቀት ብቻውን ነገሩን አይወስነውም፤ ውኃም ይወስነዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የክላርክ አውራጃ፣ የኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ከማነሱ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤት ገንዳዎች ስፋት ከ600 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ56 ካሬ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ወስኗል። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ድርቁ በበረታ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው ውኃ 50 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በከተማው የቧንቧ ውኃ ገንዳ መሙላት ተከልክሎ ነበር። ትናንት ጌጥ የነበረው ገንዳ በአንድ ደንብ ባዶ ጉድጓድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ባለ ገንዳዎች ራሳቸው ስለ ገንዳቸው ዋጋ የሚናገሩት እንደ ጠያቂው ማንነት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግሪክ የግብር ሹማምንት በአቴንስ ሰሜናዊ የሀብታሞች ሰፈሮች ገንዳ እንዳላቸው ያስታወቁት 324 ነዋሪዎች ብቻ ሆነው ሳለ፣ ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ሲቆጠር 16,974 ገንዳዎች መገኘታቸው በሰፊው ተዘግቧል። ለገዢ ሲሆን ከፍ የሚል፣ ለግብር ሰብሳቢ ሲሆን የሚሰወር ንብረት፣ ገማቹ ባለ ቤቱን በቃሉ ብቻ ሊያምነው የማይገባ ንብረት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የምሳሌው ገንዳ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ይሁን። የሚይዘው ውኃ 48 ኪዩቢክ ሜትር፣ ክብደቱም 48 ቶን ይሆናል። ይህ ውኃ በኬፕ ታውን የድርቅ ልክ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰዎች ያሉበትን ቤተሰብ ለ192 ቀናት ያኖራል። ከገንዳው ፊት በቀን 4 ሚሊሜትር ውኃ ቢተን በየቀኑ 128 ሊትር መተካት ያስፈልጋል፤ ይህም በወር ወደ 4 ኪዩቢክ ሜትር የሚጠጋ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት፣ ሮቶ በየጣራው ላይ በሚታይበት፣ ቦቴ መኪና በሚጠራበት ሰፈር ይህ መጠን የሚናቅ አይደለም። ገዢው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ ከገንዳው በፊት የሚጠይቀው «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ነው። የራሱ የውኃ ምንጭ የሌለው ገንዳ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት ሀብት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ስለ ሆነች፣ ፀሐይዋ ብትሞቅም ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። የ48 ኪዩቢክ ሜትር ውኃን ሙቀት ከ18 ወደ 26 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 447 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላም በቀን የሚተነው 128 ሊትር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ወደ 87 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢሠራ ከሚፈጀው ይበልጣል። ፀሐይ ከፊሉን ብትተካ፣ መሸፈኛም ትነቱን በብዙ ቢቀንሰው፣ የቀረው ከባለ ቤቱ ኪስ የሚወጣ ነው። የሂልተን ሆቴል ገንዳ ከምድር በሚወጣ ፍል ውኃ የሚሞቅ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም። ግለሰብ ግን ፍል ውኃ በግቢው አያፈልቅም። እንደ ድሬ ዳዋ ባሉ ቆላማ ከተሞች ማሞቂያ አያሻም፤ በአንጻሩ ትነቱ ይበረታል፣ የውኃው ነገርም የበለጠ ያሳስባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ግቢው ነው። በ500 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ዋናው ቤት 200፣ ሰርቪስ ቤቱ 40፣ የመኪና መግቢያና ማቆሚያው 60 ካሬ ሜትር ቢይዙ፣ የሚቀረው 200 ካሬ ሜትር ነው። ገንዳው ከዙሪያ መተላለፊያውና ከፓምፕ ቤቱ ጋር 80 ካሬ ሜትር ያህል ይወስዳል። ይህ ከቀሪው ግቢ 40 በመቶ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግቢውን ለምን እንደሚፈልገው የታወቀ ነው፤ የሰርግ ድንኳን ይተከልበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ ልጆች ይሮጡበታል። በገንዳ ላይ ድንኳን አይተከልም። እንዲህ ያለውን ግቢ ለሚፈልግ ገዢ ገንዳው ዋጋ መጨመሩ ቀርቶ ይቀንሳል፤ ሻጩም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ገዢው ማን ነው?» የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ገዢዎችን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው ቤቱን ሊኖርበት የሚገዛው ነው፤ እርሱ እንደ ጠባዩና እንደ ቤተሰቡ ጥቂት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሁለተኛው አሮጌውን ቪላ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት የሚገዛው ነው፤ ለእርሱ ገንዳው የሚፈርስ አርማታና የሚሞላ ጉድጓድ ነው፣ ከዋጋውም ላይ ይህን ወጪ ያነሣል። ሦስተኛው ለኤምባሲና ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ሊያከራየው የሚገዛው ነው። ገንዳ በእርግጥ ገንዘብ የሚያመጣው ለዚህኛው ነው፤ የዚህም ስሌት ግልጽ ነው። ገንዳው በወር 30,000 ብር ተጨማሪ ኪራይ ያስገኛል፣ ውኃው፣ መድኃኒቱ፣ ኤሌክትሪኩና የሠራተኛው ደመወዝ ደግሞ 22,500 ብር ይወስዳል እንበል። የተጣራው 7,500 ብር በዓመት 90,000 ብር ይሆናል። ገዢው ከገንዘቡ በዓመት 10 በመቶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለገንዳው ሊጨምር የሚችለው 900,000 ብር ነው። በወንድማማቾቹ ምሳሌ የተጠቀሰው አኃዝ ከዚህ ስሌት የተገኘ ነው። የ3 ሚሊዮን ብር አርማታ 900 ሺህ ብር የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ኪራዩ ቢቀንስ ወይም የቦቴ ውኃ ቢወደድ ደግሞ ያም ሊጠፋ ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ገንዳው ደኅና መሆኑን በመገመት ነው። በተለይ በመሐንዲሱ እጅ ያለው ጉዳይ ግን የገንዳው ደኅንነት ነው። በቦሌና በአካባቢው በሰፊው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገንዳው ካፈሰሰ አፈሩን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው አፈርም መልሶ ገንዳውንና የቤቱን መሠረት ይጫነዋል። ቤቱን ለገበያ ሲያዘጋጁ በክረምት ገንዳውን ማድረቅ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የምሳሌው ገንዳ ወለሉና ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ቢኖረው የባዶው ክብደት ወደ 37 ቶን ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከወለሉ ታች ጀምሮ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 44 ቶን ይደርሳል። የዳሩ አፈር ካልያዘው በስተቀር ገንዳው እንደ ጀልባ ይነሣል፤ ቧንቧው ይቆረጣል፣ አርማታው ይሰነጠቃል። ለገዢ ዓይን እንዲያምር ተብሎ በሐምሌ የተጠረገ ገንዳ በነሐሴ የቤቱን ዋጋ ይዞ ሊወርድ ይችላል።

ማፍሰሱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ባልዲ በገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ውስጡን በገንዳው ውኃ ልክ ሞልቶ፣ ፓምፑን አጥፍቶ አንድ ቀን መቆየት ይበቃል። ሁለቱ እኩል ከጎደሉ የቀነሰው በትነት ነው፤ ገንዳው ከባልዲው ይልቅ ከጎደለ ግን ውኃው ወደ መሬት እየገባ ነው። ይህን ያህል ቀላል ምርመራ ሳይደረግ ለገንዳ ዋጋ የሚጽፍ ገማች ያላየውን መስክሯል ማለት ነው። ገንዳው በጸደቀው ፕላን ላይ መኖሩን፣ የግንባታ ፈቃድ እንዳለው፣ ከጎረቤት አጥር ያለው ርቀትና የኤሌክትሪኩ መሬት መያዝም በዚያው ቀን መታየት ይገባቸዋል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕፃናት ነገር አለ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ዋነኛው የሞት ምክንያት በውኃ መስጠም ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ገንዳ ያለው ቤት ሲሸጥ፣ አጥሩ ሕጉን ማሟላቱን ወይም አለማሟላቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ግዴታ ሆኗል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ገዢ አጥር የሌለውን ገንዳ ሲያይ የሚታየው ውኃው ሳይሆን ልጁ ነው። 1.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ አራቱንም ወገን የከበበ፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ አጥር ከገንዳው ወጪ አንጻር ጥቂት ነው። ይህን ሳይነድፍ ገንዳ የሚነድፍ መሐንዲስ ሥራውን ጨረሰ አይባልም።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ለሙያው ሰው የሚከተለው ይወጣል። ገንዳ ሊያሠራ የመጣውን ሰው ወጪው በሽያጭ ጊዜ አብዛኛው እንደማይመለስ ከቁፋሮው በፊት መንገር ያስፈልጋል፤ ለራሱና ለልጆቹ ደስታ የሚያሠራው ከሆነ ደስታው ራሱ በቂ ምክንያት ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ግምት ሲጻፍ ለካሣ ነው፣ ለመያዣ ነው ወይስ ለሽያጭ የሚለው ከፊቱ ይገለጥ። ገንዳው ከቤቱ ጋር ሳይቀላቀል በራሱ መስመር ይጻፍ፤ በአጠገቡም ወጪው፣ የሚያስገኘው ኪራይና የጥበቃው ወጪ፣ የባልዲው ምርመራ ውጤትና የአጥሩ ሁኔታ ይስፈሩ። በእርግጥ ምንም የማይጨምር ሆኖ ከተገኘም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ማፍረስ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ወጪው ይቀነስ።

ባለ ቤቱ ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይችላል። «ይህን ሁሉ ብረት የበላ ነገር እንዴት እንዲህ ይረክሳል?» ብሎም ይጠይቅ ይሆናል። ያን ጊዜ መሐንዲሱ አጠገቡ ተቀምጦ፣ አኃዞቹን አንድ በአንድ አሳይቶ ሊያስረዳው ይገባል። ግምቱን ይዘው የሚካፈሉት ሦስቱ ወንድማማቾች በዚያ ክፍል ውስጥ የሉም፤ እዚያ ያለው ጠበቃቸው የመሐንዲሱ ወረቀት ብቻ ነው።